ከትራይኬር በላይ ተጨማሪ የጤና መድን ያስፈልገናልን?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ዳቦ እየተቆረሰ ሳለ፣ ባለቤቷ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ አሜሪካ ጦር የገባ አንዲት ወጣት እህት አንድ ወረቀት ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ወረቀቱ ከመሥሪያ ቤቷ የተሰጣት የመድን መምረጫ ቅጽ ሲሆን፣ የትራይኬር (የወታደር ቤተሰቦች የጤና መድን) ማሟያ፣ የሆስፒታል ቆይታ፣ የአደጋ እና የካንሰር መድን የሚሉት አራቱም ሳጥኖች በሰማያዊ እስክሪብቶ ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ ከግርጌው ደግሞ የአራቱ ድምር በወር 118 ዶላር እንደሚሆን በእጇ ጽፋለች። «እትዬ፣ የወታደር ቤተሰብ ስለሆናችሁ አራቱም ያስፈልጓችኋል ብለውኛል፤ የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው፤ ልፈርም?» አለችኝ። እንዳትፈርም ነገርኳት። ምክንያቱን ግን በዚያ ሁሉ ሰው መካከል በቅጡ ማስረዳት ስላልቻልኩ፣ እሷም ሌሎችም ረጋ ብለው እንዲያነቡት እዚህ ልጽፈው ወሰንኩ።

እኔ በሰሜን ቨርጂንያ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ በሕክምና ሒሳብ ክፍል የምሠራ ሲቪል ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ በአሜሪካ ምድር ጦር 22 ዓመት አገልግሎ በ2021 ጡረታ ወጥቷል (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ነገሩን እንደ ወታደር ሚስትም፣ በየቀኑ ከመድን ድርጅቶች ጋር በስልክ እንደሚከራከር የሒሳብ ሠራተኛም አውቀዋለሁ። የመድን ሻጭ አይደለሁም፤ ከዚህ ጽሑፍም የማገኘው ጥቅም የለም።

ትራይኬር የሚባለው ለወታደሮች፣ ለጡረተኞችና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ የጤና መድን ሲሆን ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያቅፋል። ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ዘርፎቹ ፕራይም እና ሴሌክት ናቸው። በፕራይም ውስጥ ያለ፣ ባሏ ወይም ሚስቱ በመደበኛ አገልግሎት ላይ የሆነ ቤተሰብ፣ ከተመደበለት ሐኪም በሪፈራል (ወደ ሌላ ሐኪም በሚልክ ወረቀት) እስከሄደ ድረስ ለሕክምናው ምንም አይከፍልም ማለት ይቻላል። በሴሌክት ደግሞ ሐኪሙን ራሱ ይመርጣል፤ በምትኩ ዲዳክተብል (መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ቤተሰቡ በየዓመቱ ራሱ የሚከፍለው ገንዘብ) እና ከእያንዳንዱ ሕክምና ላይ ድርሻ ይከፍላል። እዚህ ላይ አንድ ቀን ልብ ሊባል ይገባል፦ ወታደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀጠረው ከጥር 1 ቀን 2018 በፊት ከሆነ ቤተሰቡ ምድብ «ሀ» ውስጥ ይገባል፤ በዚያ ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ ምድብ «ለ» ነው። ክፍያዎቹ በዚህ ይለያያሉ።

ከሁሉም ቁጥሮች ውስጥ እኔ መጀመሪያ የምመለከተው የዓመቱን ጣሪያ ነው። ጣሪያ ማለት ቤተሰቡ ትራይኬር ለሚሸፍናቸው ሕክምናዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከኪሱ ሊያወጣ የሚችለው ከፍተኛው መጠን ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ትራይኬር ሙሉ በሙሉ ይከፍላል። በመደበኛ አገልግሎት ላይ ላለ ወታደር ቤተሰብ ይህ ጣሪያ በምድብ «ሀ» 1,000 ዶላር ነው፤ በምድብ «ለ» በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ በ2025 ከ1,300 ዶላር ጥቂት ከፍ ብሏል። እንግዲህ የዚያችን እህት 118 ዶላር በአሥራ ሁለት ወር አባዙት፤ 1,416 ዶላር ይመጣል። ቤተሰቡ እጅግ ክፉ በሆነ ዓመት እንኳ ለትራይኬር ሕክምና ከሚከፍለው የሚበልጥ ገንዘብ፣ ማንም ሳይታመም በየዓመቱ ከደመወዟ ሊቆረጥ ነበር።

ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እኔም ከብዙ ጣጣ በዳንኩ ነበር። በ2017 በእንግዳ መቀበያ ሥራ በተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት፣ የሠራተኛውን የጤና መድን ለመላው ቤተሰብ ሞላሁ፤ በዚያው ቀን የመጣው ሻጭም «ትራይኬር ያላችሁ ይህ የግድ ያስፈልጋችኋል» ብሎ የትራይኬር ማሟያ በወር 46 ዶላር ጨመረልኝ። ሦስት የመድን ካርድ በቦርሳዬ መያዝ ሦስት እጥፍ መጠበቅ መስሎኝ ነበር። በ2019 ክረምት የአሥራ አንድ ዓመት ልጃችን ኳስ ሲጫወት ወድቆ ክንዱ ከክርኑ በታች ተሰበረ። ያ ነጭ አጥንት ቆዳውን ገፍቶ ሲታይ የደነገጥኩት ድንጋጤ አሁንም አልለቀቀኝም። በድንገተኛ ክፍሉ መስኮት ላይ የቆመችው ጸሐፊ ካርድ ስትጠይቀኝ፣ እጄ ላይ የገባውን የትራይኬሩን ካርድ ብቻ ሰጠኋት። ክንዱ ተከፍቶ በሁለት ብረት ተያዘ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ምልክቱም እምብዛም አይታይም።

ስቃዩ የመጣው በፖስታ ነው። ትራይኬር «ሌላ መድን ስላላችሁ መጀመሪያ እሱ ይክፈል» ብሎ መለሰው። ሆስፒታሉ ለመሥሪያ ቤቴ መድን እንደገና ላከ፤ እነሱም ተጨማሪ ወረቀት ጠየቁ። በየሳምንቱ «ይህ ቢል አይደለም» የሚል ኢኦቢ (መድኑ ምን እንደከፈለ የሚገልጽ ወረቀት) ይመጣል፤ በመካከሉ ደግሞ ቢል የሆነው ይመጣል። በአምስተኛው ወር ዕዳው ወደ ሰብሳቢ ድርጅት ሊተላለፍ ነው የሚል ደብዳቤ ደረሰን። በመጨረሻ የመሥሪያ ቤቴ መድን ድርሻውን ከፈለ፤ እኛ ልንከፍለው የቀረውን ዲዳክተብል ትራይኬር በሁለተኛነት ሸፈነው፤ የማሟያው ድርጅት ግን «ቀሪ ዕዳ ስለሌለ የሚከፈል ነገር የለም» የሚል የአንድ አንቀጽ ደብዳቤ ላከልን። ለዚያ ማሟያ በ26 ወር የከፈልነው 1,196 ዶላር ነበር። የዓመቱ ጣሪያችን 1,000 ዶላር መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ሰሞን ነው፤ ወደ ሒሳብ ክፍል ልዛወር ብዬ የጠየቅሁትም ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ተራው መታወቅ አለበት። ትራይኬር በሕግ ሁለተኛ ከፋይ ነው፤ ከሥራ ቦታ የተገኘ መደበኛ የጤና መድን ካለ እሱ ይቀድማል፣ ትራይኬር ይከተላል። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት መድን) ያለው ሰው ግን ትራይኬሩ ይቀድምለታል። የትራይኬር ማሟያ ደግሞ እንደ «ሌላ መድን» አይቆጠርም፤ ሁልጊዜ ከትራይኬር በኋላ ነው የሚመጣው፤ ዓላማውም ትራይኬር ከከፈለ በኋላ በቤተሰቡ ላይ የሚቀረውን ድርሻ መክፈል ነው። የሥራ ቦታ መድንና ትራይኬር አንድ ላይ ሲሆኑ ለማሟያው የሚተርፍለት ብዙ ጊዜ የለም። ሁለቱን አንድ ላይ የገዛ ሰው አንዱን በከንቱ እየከፈለ ነው ብዬ በድፍረት እናገራለሁ።

አንዳንድ ወገኖች «ቀጣሪዬ መድኑን ብትተዪ ገንዘብ እንሰጥሻለን አለኝ» ሲሉ እሰማለሁ። ከ2008 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ሕግ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ቀጣሪዎች ትራይኬር ያለውን ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን የጤና መድን እንዲተው በጥቅም እንዳያባብሉት ይከለክላል። ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ መተው ይችላል፤ ቀጣሪው የትራይኬር ማሟያ በአማራጭነት ቢያቀርብለትም ሙሉ ክፍያውን የሚችለው ሠራተኛው ራሱ ነው። ክፍያው ግብር ከመቆረጡ በፊት ከደመወዝ ሊነሳ መቻሉ ትንሽ ያቀለዋል። ሌላም የማይነገር ነገር አለ፦ ትራይኬር ያለው ሰው ኤችኤስኤ ወደሚባለው የጤና ቁጠባ ሒሳብ ገንዘብ ማስገባት አይፈቀድለትም፤ ሳያውቁ አስገብተው በግብር ጊዜ የተቸገሩ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ጣሪያው የማይከላከላቸው ሁለት ወጪዎች መኖራቸውን ግን መደበቅ አልፈልግም። በፕራይም ውስጥ ያለ ሰው ሪፈራል ሳይዝ በራሱ ምርጫ ወደ ስፔሻሊስት ቢሄድ፣ ለአንድ ሰው 300፣ ለቤተሰብ 600 ዶላር ዲዳክተብል ከከፈለ በኋላ የሒሳቡን ግማሽ ራሱ ይከፍላል፤ ይህም ወደ ጣሪያው አይቆጠርለትም። በሴሌክት ደግሞ የትራይኬርን ተመን ወደማይቀበል ሐኪም የሄደ ሰው፣ ከተመኑ በላይ እስከ 15 በመቶ ሊጠየቅ ይችላል። አንዳንድ ማሟያዎች ይህን 15 በመቶ ይከፍላሉ፤ አንዳንዶቹ አይከፍሉም። ሆኖም ለሁለቱም የሚሻለው መድኃኒት ሪፈራሉን መያዝና ሐኪሙ በኔትዎርኩ ውስጥ (ከትራይኬር ጋር ውል ያለው) መሆኑን በስልክ መጠየቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጡረታ ሲመጣ ሒሳቡ ይለወጣል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ነው። ባለቤቴ በ2021 ሲሰናበት የሴሌክት ጣሪያችን በአንድ ቀን ከ1,000 ወደ 3,500 ዶላር ወጣ፤ ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ እየጨመረ ከ4,000 አልፏል። በዚያው ዓመት ጥር ወር ላይ የምድብ «ሀ» ጡረተኞች በሴሌክት ለመቆየት ለቤተሰብ በወር 25 ዶላር መክፈል ጀምረው ነበር። በኔትዎርክ ውስጥ ባለ ሆስፒታል መተኛት ለአንድ ቀን 250 ዶላር ወይም ከሆስፒታሉ ሒሳብ 25 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው ይከፈላል፤ የቀዶ ሐኪሙና የማደንዘዣ ሐኪሙ ለየብቻ ከሚልኩት ሒሳብ ላይ ደግሞ 20 በመቶ አለ። እዚህ ላይ ማሟያ መግዛት ትርጉም ይኖረዋል፤ በተለይ ዕድሜያቸው ከ50 አልፎ 65 ላልደረሰ፣ የሥራ ቦታ መድን ለሌላቸው ወይም ለተዉት።

እኛም በዚያ ዓመት፣ እኔ የመሥሪያ ቤቴን መድን ትቼ ስለነበር፣ በአንድ የጡረተኞች ማኅበር በኩል ማሟያ ገዛን። በዚህ ጊዜ ግን ውሉን ከፊርማዬ በፊት ሁለት ምሽት አነበብኩት። በአሥራ አንደኛው ገጽ ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈው እንዲህ ይል ነበር፦ መድኑ ከመገዛቱ በፊት ባሉት ስድስት ወራት የታከሙበት ወይም መድኃኒት የወሰዱበት ሕመም፣ መድኑ ከተገዛ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት አይሸፈንም። እኔ ከሁለት ወር በፊት የሐሞት ጠጠር እንዳለብኝ በአልትራሳውንድ ታይቶልኝ ነበር። ሐኪሜን መጠበቅ ይቻል እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ቅባት ከቀነስኩና ሕመሙ ካልባሰብኝ እንደሚቻል ነገረችኝ። ጾሙም አገዘኝ። ቀዶ ሕክምናው በሰባተኛው ወር ተደረገ፤ ሁለት ሌሊት ተኝቼ ወጣሁ፤ ትራይኬር ከከፈለ በኋላ የቀረብንን 840 ዶላር ማሟያው ከዲዳክተብሉ በስተቀር ከፈለልን። ያን አንቀጽ ሳላነብ በሦስተኛው ወር ገብቼ ቢሆን ኖሮ አንድ ሳንቲም አላገኝም ነበር። ማሟያ የምትገዙ ሰዎች ይህን የመጠበቂያ ጊዜ፣ ዲዳክተብሉን መክፈል አለመክፈሉን፣ አረቦኑ በየስንት ዓመት ዕድሜ እንደሚጨምር ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ብዙዎቹ ማሟያዎች በ65 ዓመት ያበቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትራይኬር ፎር ላይፍ ራሱ ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የተዘጋጀው የመንግሥት የጤና መድን) ማሟያ ሆኖ ስለሚያገለግል፣ የሜዲኬር ክፍል «ሀ» (የሆስፒታል) እና «ለ» (የሐኪም) ያለው ጡረተኛ በላዩ ላይ ሜዲጋፕ የሚባለውን የግል የሜዲኬር ማሟያ የሚገዛበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የለም። ክፍል «ለ»ን «ወታደር ስለነበርኩ አያስፈልገኝም» ብሎ መተው ግን ትራይኬር ፎር ላይፍን ያሳጣል።

ለፌዴራል መንግሥት የሚሠሩ ሲቪል ሠራተኞች ሌላ በር አላቸው። ባለቤቴ አሁን በሲቪልነት ተቀጥሮ ስለሚሠራ ኤፍኢኤችቢ የሚባለውን የመንግሥት ሠራተኞች የጤና መድን መግዛት ይችላል፤ መንግሥት ከአረቦኑ ትልቁን ድርሻ ይከፍላል፤ ከየትኛውም ዕቅድ ዋጋ ግን ከ75 በመቶ አያልፍም። ይህን መድን ይዞ ከሲቪል ሥራ ጡረታ ለመውጣት በመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት ሳያቋርጡ በመድኑ ውስጥ መቆየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በትራይኬር የተቆየበት ጊዜ ለአምስቱ ዓመት እንደሚቆጠር ነው፤ ጡረታ በሚወጣበት ቀን ግን በኤፍኢኤችቢ ውስጥ መገኘት ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ኤፍኢኤችቢን ለጊዜው አግዶ ወደ ትራይኬር መመለስ፣ ካስፈለገም በኅዳርና በታኅሣሥ በሚከፈተው የመመዝገቢያ ወቅት እንደገና መግባት ይፈቀድለታል። እኛ የወሰንነው አሁን በትራይኬርና በማሟያው ቆይተን፣ ከጡረታው በፊት ባለው የመመዝገቢያ ወቅት ኤፍኢኤችቢ ለመግባት ነው።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ታሪክ ግን ያሳዝነኛል። በሜሪላንድ ናሽናል ጋርድ ውስጥ ያገለግላል፤ በሥራ ቀናት ደግሞ የፌዴራል ሲቪል ሠራተኛ ነው። ባልደረቦቹ ለተጠባባቂ ጦር አባላት የሚሸጠውን ትራይኬር ሪዘርቭ ሴሌክትን በመጠነኛ ዋጋ ሲገዙ እሱ አይችልም፤ ኤፍኢኤችቢ የማግኘት መብት ያለው የተጠባባቂ ጦር አባል እስከ ጥር 1 ቀን 2030 ድረስ በሕግ ተከልክሏል። ሁለት ጊዜ ያገለገለ ሰው በማገልገሉ ምክንያት ውድ የሆነውን ብቻ እንዲገዛ መደረጉ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ እገዳው የሚነሳበት ቀን በሕግ መጻፉ ብቻ ያጽናናል። ሦስት ልጆች ላሉት ለእሱ ዓይነት ቤተሰብ ነው እንግዲህ የሥራ ቦታ ተጨማሪ መድኖች በቁም ነገር ሊታዩ የሚገባቸው።

እነዚህ የሆስፒታል ቆይታ፣ የአደጋና የካንሰር መድን የሚባሉት ምን እንደሆኑ ለወገኖቼ ሳስረዳ፣ የእድርን ያህል የሚገልጸው አላገኘሁም። እድር ሐዘን በደረሰ ጊዜ የተወሰነውን ገንዘብ ይሰጣል፤ ቀብሩ ስንት ፈጀ፣ ድንኳኑ ስንት ሆነ ብሎ ደረሰኝ አይጠይቅም። እነዚህም እንዲሁ ናቸው፤ ሆስፒታል ለተኛችሁበት ለእያንዳንዱ ቀን ወይም ለተሰበረው አጥንት በውሉ የተጻፈውን ይሰጧችኋል፤ ገንዘቡ በእጃችሁ ስለሚገባ ለቤት ኪራይም ሆነ ለአስቤዛ ልታውሉት ትችላላችሁ። ታክሲና ኡበር የሚነዱ፣ ሥራ በቀሩበት ቀን ገቢ የማያገኙ ወንድሞቻችን ከዚህ ሊጠቀሙ ይችላሉ። ልጅ ለመውለድ ያሰቡም የሆስፒታል ቆይታውን ቢመለከቱ መልካም ነው፤ ይሁንና ብዙዎቹ ውሎች ለወሊድ የወራት መጠበቂያ ስላላቸው ከማርገዝ በፊት መግዛት ይገባል። ነገር ግን እድር ሕክምና እንደማይከፍል ሁሉ እነዚህም የጤና መድን አይደሉም። በቀን 150 ዶላር የሚሰጥ ውል ይዞ ዋናውን የጤና መድን የተወ አንድ ሾፌር፣ ለትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና የመጣበትን ከ30,000 ዶላር በላይ ሒሳብ በክሊኒካችን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያለቀሰበትን ቀን አልረሳም። የሸጠለት ሰው «ኢንሹራንስ ነው» ብሎት ነበር።

እኛን ሐበሾችን ከሌሎቹ የወታደር ቤተሰቦች ይልቅ የሚነካን ደግሞ የወላጆች ነገር ነው። ባለቤቴ በአገልግሎት ላይ ሳለ እናቱን አስመጥተን፣ ከመተዳደሪያቸው ከግማሽ በላይ እኛ እንደምንሸፍን አስረድተን፣ ዲርስ በሚባለው የጦሩ መዝገብ ውስጥ አስመዘገብናቸው፤ መታወቂያም ተሰጣቸው። መታወቂያውን ያዩ ጎረቤቶች «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ትራይኬር አገኙ» አሉን። አላገኙም። ጥገኛ የሆኑ ወላጆች በጦሩ ሆስፒታል ቦታ ከተገኘ ሊታከሙ ይችላሉ እንጂ፣ ወደ ሲቪል ሆስፒታል ሲሄዱ ትራይኬር አይከፍልላቸውም፤ የትራይኬር ማሟያም ሊገዛላቸው አይችልም፤ የሚያሟላው ነገር የለምና። እሳቸውን በዋሺንግተን ዙሪያ ባሉት የጦሩ ሆስፒታሎች ወረፋ ላይ ብቻ መተው ስላልፈለግን፣ መንግሥት ባቋቋመው የጤና መድን ገበያ በኩል መድን ገዛንላቸው።

አሁን ማዘር 71 ዓመታቸው ነው፤ ግሪን ካርዳቸውን ካገኙ በመጪው መጋቢት አምስት ዓመት ይሞላቸዋል። ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ቋሚ ነዋሪ አምስት ዓመት ሳያቋርጥ ከኖረ፣ በአሜሪካ ሠርቶ ግብር ባይከፍልም ሜዲኬርን በገንዘብ መግዛት ይችላል፤ በ2025 ዋጋ ክፍል «ሀ» በወር 518 ዶላር፣ ክፍል «ለ» 185 ዶላር ነበር። ሜዲኬር ከሐኪም ሒሳብ ላይ የሚተወውን 20 በመቶ ለመሸፈን ሜዲጋፕ ይታከልበታል፤ ለዚህም ክፍል «ለ» ከሚጀምርበት ወር አንስቶ ስድስት ወር ብቻ አለ፤ በእነዚያ ወራት የመድን ድርጅቱ የእሳቸውን ስኳርና ደም ግፊት ምክንያት አድርጎ ሊከለክል ወይም ዋጋ ሊጨምር አይችልም፤ ካለፉ በኋላ ግን ይችላል። በገበያው በኩል ያለውን መድን መያዝ ይሻል እንደሆነ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አስልተናል፤ ለእሳቸው ዕድሜና ሕመም ሜዲኬርን ከሜዲጋፕ ጋር መርጠናል። በማቀዝቀዣው በር ላይ በተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ላይ ስድስቱን ወራት በቀይ ከብቤያቸዋለሁ፤ ማዘርም በየማለዳው ሻይ ሲቀዱ ጣታቸውን እያሳለፉ ይቆጥሯቸዋል።